‹ዚን› የተባለው ቁራጭ ቃል፤ አመጣጡና ትርጉሙ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ‹ዚን› የሚባል አንድ አጭር ቃል አለ። ትርጉሙ ምንድን ነው ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ማጋዚን የሚለው ቃል ሲያጥር ነው፤ ጀማሪዎች የሚያወጡት ትንሽ መጽሔት ማለት ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ በሁለት በኩል ጐደሎ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። አንደኛ፣ ዚን ከማጋዚን በቀጥታ የተቈረጠ አይደለም፤ በመካከላቸው ሌላ ቃል አለ፤ ትርጉሙንም የሰጠው ያ የመካከሉ ቃል ነው። ሁለተኛ፣ አማተር የሚባል ሁሉ ጀማሪ አይደለም።

ነገሩ የመዝገበ ቃላት ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንባቢን ጊዜ ባልወሰድንም ነበር። ነገር ግን ለአንድ ሥራ የምንሰጠው ስም ሥራው የሚመዘንበትን ሚዛን ይዞ ይመጣል። ስሙ «ትንሽ መጽሔት» ከሆነ፣ ሥራው ከትልቁ መጽሔት ጋር ተወዳድሮ የተሸነፈ ይመስላል፤ የተሸነፈን ነገር ደግሞ አንብቦ ይጥሉታል እንጂ ጠብቆ ለማኖር የሚደክም የለም። የቃሉን ሥር መፈለጋችን ስለዚህ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ረጅሙ ቃል

ማጋዚን የሚለው ቃል መሠረቱ ዐረብኛ ነው። በዐረብኛ ‹ኸዘነ› ማለት አከማቸ፣ አኖረ ማለት ሲሆን፣ ‹መኽዘን› የዕቃ ማኖሪያ ቤት ነው፤ ሲበዛም ‹መኻዚን› ይባላል። ቃሉ ከሸቀጡ ጋር ባሕር ተሻግሮ በኢጣልያንኛ ‹ማጋዚኖ› ሆነ፤ ከዚያም በፈረንሳይኛ አልፎ በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ትርጉሙ ገና የዕቃ ቤትና የጥይት ቤት ነበር። ለወቅታዊ ጽሑፍ ስም የሆነው በ1731 ነው። በዚያ ዓመት ኤድዋርድ ኬቭ የተባለ የለንደን አታሚ ‹ዘ ጀንትልማንስ ማጋዚን› የሚባለውን ጽሑፍ ማውጣት ጀመረ። በየጋዜጣው ተበታትኖ የሚወጣውን ነገር በየወሩ በአንድ ቦታ የማከማቸት አሳብ ስለ ነበረው፣ ሥራውን በግምጃ ቤት መሰለው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ቃል ባዕድ አይደለም። እኛም ‹መጋዘን› ስንል ያንኑ ቃል እንናገራለን። ገንዘብ የሚቈለፍበትን፣ የጠመንጃ ጥይት የሚጐርስበትንም ‹ካዝና› ስንል ከዚያው ከዐረብኛው ሥር የወጣ ቃል መናገራችን ነው። ነገር ግን ‹ሐዘን› የሚለው ቃላችን በድምፅ ቢቀርበውም ዘመዱ አይደለም፤ የሐዘን መነሻው በግእዝም በዐረብኛም ሌላ ፊደል ነው። ሥርወ ቃልን የሚመረምር ሰው በድምፅ መመሳሰል እንዳይታለል ይህን መጥቀስ ይገባናል።

ወቅታዊውን ጽሑፍ ግን እኛ መጋዘን አላልነውም። ከግእዝ ‹መጽሔት› የሚለውን ወስደናል፤ መጽሔትም በግእዝ መስተዋት ማለት ነው። እንግዲህ እንግሊዞች የሚነበበውን ነገር ዕቃ ቤት ሲሉት እኛ መስተዋት አልነው። ሁለቱ ምሳሌዎች የተለያየ ነገር ይጠይቃሉ። ዕቃ ቤት ውስጥ ምን ያህል እንደ ተከማቸ ይቈጠራል፤ በመስተዋት ግን ማን እንደሚታይ ይጠየቃል። ይህን ልዩነት ኋላ እንመለስበታለን።

የመካከሉ ቃል

በ1926 ሁጎ ጌርንስባክ የተባለ የሉክሰምቡርግ ተወላጅ በኒው ዮርክ ከተማ ‹አሜዚንግ ስቶሪስ› የተባለውን የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔት አቋቋመ። መጽሔቱ የአንባቢዎችን ደብዳቤ ከነአድራሻቸው ያትም ነበር። ይህ ትንሽ ነገር ትልቅ ውጤት አመጣ፤ አንባቢዎቹ አዘጋጁን ትተው እርስ በርሳቸው መጻጻፍ ጀመሩ። ከዚህም መጻጻፍ ማኅበራት፣ ከማኅበራቱም በገዛ እጅ የሚባዙ ጽሑፎች ተወለዱ። በግንቦት 1930 በቺካጎ የወጣው ‹ዘ ኮሜት› የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ነው ይባላል። አዘጋጆቹ ሬይሞንድ ፓልመርና ዋልተር ዴኒስ ነበሩ።

በክሊቭላንድ ከተማም ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ተማሪዎች በ1932 የራሳቸውን ጽሑፍ በማባዣ መኪና ማውጣት ጀመሩ። በጥር 1933 በወጣው ቍጥር ውስጥ ‹ሱፐርማን› የሚል ስም ያለው ታሪክ ይገኛል፤ በዚያ ታሪክ ግን ሱፐርማን ክፉ ሰው ነበር። ዓለም የሚያውቀው ደጉ ሱፐርማን በ1938 በትልቅ አሳታሚ እጅ ሲወጣ፣ ደራሲዎቹ እነዚያው ሁለት ልጆች ነበሩ።

ለእነዚህ ጽሑፎች መጀመሪያ የተሰጣቸው ስም ‹ፋን ማጋዚን› ነበር፤ ይህንንም ሰዎቹ እንደየፈቃዳቸው ያሳጥሩት ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህን ስም ያወጣው ግን የ20 ዓመት ወጣት ነው። ራስ ሾቬኔ ይባላል፤ በልጅነቱ መስማት የተሳነው፣ በቼዝ ጨዋታ የታወቀ አሜሪካዊ ነበር። በጥቅምት 1940 ‹ዲቱርስ› በተባለው በገዛ ጽሑፉ ላይ፣ እስከዚያ ይሠራበት የነበረው አጭር ስም ለጆሮ እንደማይጥም ገልጾ፣ በምትኩ ‹ፋንዚን› የሚለውን ቃል አቀረበ። መስማት የተሳነው ሰው ቃልን በድምፁ ነቅፎ የተሻለ ድምፅ ያለው ማምጣቱ በእውነት የሚያስገርም ነው። አንባቢዎቹም ተቀበሉት፤ ቃሉም ጸና።

ፋንዚን ራሱ ከሁለት ቁራጮች የተገጣጠመ ነው። ‹ፋን› ‹ፋናቲክ› ከሚለው ቃል ራሱ ብቻ የቀረ ነው፤ ፋናቲክም በላቲን ‹ፋኑም› ማለትም ቤተ መቅደስ ከሚለው የወጣ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ትርጉሙ የመቅደሱ መንፈስ የያዘው ሰው ማለት ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አሜሪካኖች የቤዝቦል ጨዋታ ወዳዶችን ‹ፋን› ማለት ጀመሩ። ‹ዚን› ደግሞ ከማጋዚን ጅራቱ ብቻ የቀረ ነው። ሞተርና ሆቴል ተገጣጥመው ‹ሞቴል› እንደ ሆኑ፣ የመቅደሱ ራስና የመጋዘኑ ጅራት ተገጣጥመው ፋንዚን ሆኑ። ወዳጅ ከፊት፣ ዕቃው ከኋላ ማለት ነው።

የቃሉ ሁለተኛ መቈረጥ

ዚን የተገኘው ፋንዚን እንደ ገና ሲቈረጥ ነው። መቈረጡም ያለ ምክንያት አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ፋንዚኖች የሚወዱት የታወቀ ነገር ነበራቸው፤ እርሱም የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። በ1967 ‹ስታር ትሬክ› የተባለውን የቴሌቪዥን ተከታታይ ታሪክ የሚወዱ ሰዎች ‹ስፖካናሊያ› የሚባለውን አወጡ። በ1976 በለንደን ማርክ ፔሪ የተባለ የባንክ ጸሐፊ ስለ ፓንክ ሙዚቃ ‹ስኒፊን ግሉ› የተባለውን በፎቶ ኮፒ አባዝቶ አወጣ። በኋላ ግን ማንንም የማያደንቁ፣ ስለ ገዛ ኑሯቸው፣ ስለ ሠፈራቸው፣ ስለ ፖለቲካ የሚጽፉ ሰዎች በዚሁ መንገድ ማውጣት ጀመሩ። በ1982 ማይክ ገንደርሎይ ‹ፋክትሺት ፋይቭ› የሚባለውን ጽሑፍ ጀምሮ የእነዚህን ሁሉ ዝርዝርና አጭር ግምገማ በአንድ ላይ ያወጣ ጀመር። ከ1991 ጀምሮም በአሜሪካ የነበሩ ‹ራየት ገርል› የተባሉ ወጣት ሴቶች ስለ ሴቶች ኑሮ በብዙ ዚኖች ጽፈዋል። እነዚህ ሰዎች የማን ፋን ናቸው? መልስ አልነበረም፤ ስለዚህ ‹ፋን› ወደቀና ‹ዚን› ብቻውን ቀረ።

የእኛ ቋንቋ በዚህ ረገድ ሌላ ልማድ አለው። ገብረ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ገብረ ክርስቶስ የተባሉትን ሁሉ በአጭሩ ስንጠራ ገብሬ እንላለን፤ ወልደ ጊዮርጊስም ወልዴ፣ ተክለ ሃይማኖትም ተክሌ ይሆናል። ራሱ ይቀራል፣ ጅራቱ ይወድቃል፤ የማን ገብር እንደ ሆነ ባይነገርም ገብርነቱ ከስሙ አይጠፋም። በእንግሊዝኛው ቃል የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ወዳጁ ወደቀ፣ ዕቃው ቀረ። እንዲያውም የቀረው ዕቃ ሙሉ አይደለም፤ ከዐረብኛው ሥር ከሦስቱ ፊደላት የቀሩት ‹ዘ›ና ‹ነ› ብቻ ናቸው። ‹ባስ› የሚለው ቃል ‹ለሁሉም› የሚል ትርጉም ካለው ‹ኦምኒቡስ› ከተባለው የላቲን ቃል ጅራቱ ብቻ ቀርቶ ብቻውን ትርጉም የሌለው እንደ ሆነ፣ ዚንም እንዲሁ ነው።

ስሕተቱ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ‹ፋን› ከዓይን ስለ ተሰወረ፣ ቃሉን ዛሬ የሚያይ ሰው ማጋዚንን ብቻ ያስታውሳል፤ ዚንንም ትንሽ ማጋዚን ያደርገዋል። ነገር ግን የወደቀው ቃል ቢወድቅም ትርጉሙን ትቶ ነው የሄደው። ስለ ራሱ ኑሮ የሚጽፈውም ሰው የሚጽፈው እንደ ቀድሞዎቹ ወዳጆች ነው፤ ደመወዝ ሳይቀበል፣ ማንም ሳያዘው፣ እንደ ራሱ ላለ ሰው ነው።

የልዩ ልዩ ትርጓሜዎች ምርመራ

ዚን ምን እንደ ሆነ ለመወሰን የሚቀርቡ ምልክቶች ብዙ ናቸው። ከእነርሱ አራቱን እንመርምር።

አንዳንዶች በቅጂው ብዛት ይወስናሉ። ቅጂው ጥቂት ከሆነ ዚን ነው ይላሉ። ይህ ግን መለያ ሊሆን አይችልም። ስለ እንስሳት ሕክምና የሚወጣ የሊቃውንት መጽሔት አንባቢው ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ግን ዚን አይባልም። ማነስ የዚን ጠባይ ሳይሆን አብሮት የሚገኝ ነገር ነው፤ ድኻ ሁሉ መነኵሴ እንዳልሆነ ማለት ነው።

ሌሎች በመሣሪያው ይወስናሉ። ስቴንስል፣ ማባዣ መኪና፣ ፎቶ ኮፒ የዚን ምልክቶች ናቸው ይላሉ። በእርግጥ የመሣሪያው ርካሽነት ለነገሩ መወለድ ትልቅ ምክንያት ሆኗል። በ1867 ‹ኖቨልቲ› የተባለች ትንሽ የማተሚያ መኪና በአሜሪካ ስትሸጥ፣ ብዙ ወጣቶች የገዛ ጋዜጣቸውን ማተም ጀመሩ፤ በ1876ም በፊላደልፊያ ብሔራዊ የአማተር ፕሬስ ማኅበር ተቋቋመ። በ1887 ኤ. ቢ. ዲክ ‹ሚሜዎግራፍ› የተባለውን ማባዣ ለገበያ አቀረበ፤ በ1959 ደግሞ ‹ዜሮክስ 914› የተባለው የፎቶ ኮፒ መኪና ወጣ። ነገር ግን እነዚሁ መኪናዎች የመሥሪያ ቤት ደብዳቤም፣ የፈተና ወረቀትም፣ የዕቃ ዋጋ ዝርዝርም አባዝተዋል። መኪና ትርጉም አይሰጥም።

ሦስተኞቹ በችሎታ ይወስናሉ፤ ይህም ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው ነው። ዚን ገና መጻፍ ያልቻሉ ሰዎች መለማመጃ ነው ይላሉ። ታሪኩ ይህን አያረጋግጥም። ኤች. ፒ. ላቭክራፍት በ1914 የአማተር ፕሬስ ማኅበር አባል ሆኖ፣ በ1915 ‹ዘ ኮንሰርቫቲቭ› የሚባለውን የገዛ ጽሑፉን ማውጣት ጀመረ፤ ታሪኮቹን በገንዘብ መሸጥ ከጀመረ በኋላም ለአማተሮች መጻፍና ከእነርሱ ጋር መጻጻፍን አልተወም። ዘመናቸውን ሁሉ ፋንዚን ሲያወጡ ኖረው ሌላ ምንም ያልፈለጉ ሰዎችም አሉ። በጌርንስባክ ስም በተሰየመው የ‹ሁጎ› ሽልማት ውስጥም ከ1955 ጀምሮ ለፋንዚን የራሱ ቦታ ተሰጥቶታል፤ የጀማሪዎች ማበረታቻ ሳይሆን ከልብ ወለዱ ጐን የሚቆም የራሱ ሽልማት ነው።

አራተኞቹ ደግሞ በተቃራኒው ነገሩን ለማክበር ብለው ያሰፉታል። ማርቲን ሉተር በ1517 ያወጣው ጽሑፍና ቶማስ ፔን በ1776 ያሳተመው ‹ኮመን ሴንስ› የዚን አባቶች ናቸው ይላሉ። የእነዚህ ጸሐፊዎች አሳብ ነገሩን ክቡር ዘር ለመስጠት ነው። በእኛ አስተያየት ግን ለአንድ ነገር ክብር ለመስጠት የማይገባውን ዘር መቍጠር አያስፈልግም። የፔን ጽሑፍ አንድ ሰው ለሕዝብ የተናገረው ነው፤ ሕዝቡ እንዲያነብና እንዲነሣ እንጂ እያንዳንዱ አንባቢ የገዛ ጽሑፉን ይዞ እንዲመጣ አልተጻፈም። ርካሽ ጽሑፍ ሁሉ፣ ደፋር ጽሑፍም ሁሉ ዚን ከሆነ ቃሉ የሚለየው ነገር የለውም፤ ምንም የማይለይ ቃል ደግሞ ሥራ የፈታ ቃል ነው።

እንግዲህ መለያው ምንድን ነው? እኛ የምናቀርበው ይህ ነው፤ ዚን አንባቢውና ጸሐፊው አንድ ወገን የሆኑበት ጽሑፍ ነው። ለዚህም ማስረጃችን የአሠራሩ ልማድ ነው። በ1937 ዶናልድ ወልሃይምና ጆን ሚሼል ያቋቋሙትን የፋንታሲ አማተር ፕሬስ ማኅበርን እንመልከት። እያንዳንዱ አባል የገዛ ጽሑፉን በአባላቱ ቍጥር አባዝቶ ወደ አንድ ሰው ይልካል፤ ያ ሰው ሁሉን ሰብስቦ፣ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ አድርጎ አስሮ ለእያንዳንዱ አባል መልሶ ይልካል። ሁሉም ይጽፋል፣ ሁሉም ያነባል፤ ሳይጽፍ አንባቢ ብቻ ሆኖ የሚቀር አባል የለም። ከማኅበሩ ውጭ በሚወጡት ፋንዚኖችም የቈየ ልማድ አለ። ዋጋቸው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የአስተያየት ደብዳቤ የጻፈ፣ ጽሑፍ ያዋጣ፣ ወይም የገዛ ፋንዚኑን በልዋጭ የላከ ሰው አንድ ቅጂ ያገኛል። ይህ የዕቁብ አሠራር ነው እንጂ የሱቅ አሠራር አይደለም። በሱቅ ገዥና ሻጭ ይለያሉ፤ በዕቁብ ግን የሚከፍለውም የሚወስደውም ያው አባሉ ነው።

ይህን አስቀድሞ ካስተዋሉት አንዱ ማንም ያልጠበቀው ሰው ነው። ፍሬድሪክ ወርተም የተባለው የአእምሮ ሐኪም በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ሥዕላዊ ታሪኮች ልጆችን ያበላሻሉ ብሎ ክፉኛ የከሰሳቸው፣ በወዳጆቻቸውም ዘንድ እጅግ የተጠላ ሰው ነበር። ይኸው ሰው በ1973 ስለ ፋንዚኖች ሌላ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚህኛው ግን አወደሳቸው። ንግድ ያልገባበት፣ ሰው ከሰው ጋር የሚገናኝበት ልዩ መንገድ ሆነው አግኝቷቸው ነበር። ጠላት የነበረ ሰው የመሰከረው ምስክርነት ከወዳጅ ምስክርነት ይልቅ ክብደት አለው።

በእኛ ፍቺ ላይ ሊነሣ የሚችል አንድ ተቃውሞ አለ። ዛሬ ዚን የሚባሉት ብዙዎቹ ደብዳቤ አይቀበሉም፤ አንድ ቍጥር ብቻ ወጥተው ይቀራሉ፤ በየትርኢቱ በገንዘብ ይሸጣሉ። የልብስና የመጠጥ ነጋዴዎችም ለማስታወቂያ ብለው ዚን የሚሉትን ያሳትማሉ። ለመጀመሪያዎቹ መልሳችን፣ አንዱን ዚን አንብቦ የገዛ ራሱን የሚያወጣ አንባቢ መልስ መስጠቱ ስለ ሆነ፣ ደብዳቤው መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም የሚል ነው። የነጋዴዎቹ ግን ከዚህ ፍቺ ውጭ ይወድቃል፤ መውደቁም ፍቺው ሥራ መሥራቱን ያሳያል። በቅርፅ ብቻ ለሚፈርድ ሰው ሁለቱ አይለዩም፤ ወረቀቱ ያው፣ እጥፋቱ ያው ነውና።

ዘመድ የሚመስሉ ሌሎች ነገሮች

ሌላው አጭር ቃል የሩስያው ‹ሳሚዝዳት› ነው። ባለቅኔው ኒኮላይ ግላዝኮቭ በ1940ዎቹ ዓመታት በታይፕ በተጻፉ ግጥሞቹ ሽፋን ላይ፣ የመንግሥቱ ማተሚያ ቤት ስም በሚገባበት ቦታ «ራሱን በራሱ ያሳተመ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ይጽፍ ነበር። ‹ሳሚዝዳት› ከዚህ ዓይነት ቀልድ የተወለደ ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የሁለቱን ነገሮች ልዩነት ያሳያል። ሳሚዝዳት የሚለው ማን አሳተመው የሚለውን ይነግራል፤ የከለከለ መንግሥት ስላለ ነው። ፋንዚን የሚለው ግን ለምን ተጻፈ የሚለውን ይነግራል፤ የከለከለ የለምና። ከ1968 ጀምሮ በሞስኮ የወጣውን የወቅቱ ሁኔታዎች ዜና መዋዕል ያዘጋጁ ሰዎች ታስረዋል። የቺካጎና የክሊቭላንድ ልጆች ግን የሚያስፈራቸው የወረቀትና የቴምብር ዋጋ ብቻ ነበር።

በእኛም አገር በስቴንስል የተባዙ ጽሑፎች ታሪክ ሰፊ ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች ‹ኒውስ ኤንድ ቪውስ›፣ በ1960ዎቹም የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማኅበር ‹ስትራግል› ይታወሳሉ፤ ዋለልኝ መኰንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው በኅዳር 1969 በ‹ስትራግል› ላይ ነው። በ1974ም ‹ዴሞክራሲያ›ና ‹የሰፊው ሕዝብ ድምፅ› የተባሉት በኅቡእ መውጣት ጀመሩ። እነዚህን ዚን እንበላቸው? ጥያቄው ቀላል አይደለም። የተማሪዎቹ ጋዜጦች ጸሐፊና አንባቢ አንድ ወገን ስለ ነበሩ በእኛ ፍቺ ይቀርባሉ፤ ነገር ግን በማኅበር ስም የሚናገሩ ስለ ነበሩ አንድ ሰው በገዛ ፈቃዱ ብቻ ከሚያወጣው ይለያሉ። በኅቡእ የወጡት ደግሞ ለዓላማና ለድርጅት የተጻፉ ናቸው፤ በመሣሪያ ከዚን፣ በአደጋ ከሳሚዝዳት፣ በአሳብ ግን ከፓርቲ ጋዜጣ ጋር ይዘመዳሉ። ሁሉን በአንድ ስም መጥራት ለአንዳቸውም ክብር አይሆንም። ለእነዚያ ነገሮች ዋጋ የከፈሉ ሰዎች አሉና፣ ጽሑፋቸውን በመዝናኛ ስም መጥራት አይገባም።

በአማርኛ ምን እንበለው

በመጨረሻ ወደ ቋንቋችን እንመለስ። ሊቀርቡ የሚችሉ ስሞች አራት ይመስሉናል።

‹ጀማሪ መጽሔት› የሚለው አማተር የሚለውን ቃል ለመተርጐም የታሰበ ነው። አማተር ግን ከላቲን ‹አማቶር› የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የሚወድ ማለት ነው። በአማርኛ አነጋገራችን አማተር ደራሲ፣ አማተር ተዋናይ ስንል ገና ያልበሰለ ማለታችን ሆኖ ቀርቷል፤ ስለዚህ ፍቅርን በልምድ ማነስ ተርጕመነዋል። ይህ ትርጕም አርባ ዓመት የጻፈን ሰው ጀማሪ፣ ትናንት ተቀጥሮ ደመወዝ የተቀበለን ሰው ደግሞ ባለሙያ ያደርጋል።

‹ንኡስ መጽሔት› የሚለው ከላይ የነቀፍነውን የማነስ ሚዛን ይዞ ይመጣል። ‹የደጋፊ መጽሔት› የሚለው ለፋንዚን በመጠኑ ይስማማል፤ ደጋፊ ግን የኳስ ሜዳን ያስታውሳል፤ ደግሞም ደጋፊ የሚደግፈው ተጋጣሚ ስላለ ነው። ቃሉን እንዳለ ‹ዚን› ብሎ መውሰድ አይከለከልም፤ ሬዲዮንና ባንክን እንደዚሁ ወስደናል። ነገር ግን ‹ዚን› በገዛ ቋንቋውም ቢሆን ጅራት ብቻ ነው፤ እኛ ጅራቱን ብቻ ብንወስድ ራሱን ማን ይነግረናል?

እኛ ‹የወዳጅ መጽሔት› የሚለውን እናቀርባለን። ወዳጅ ወደደ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ በአማርኛችንም አንድን ነገር የሚወድ ሰውና ባልንጀራ የሆነ ሰው ሁለቱም ወዳጅ ይባላሉ። የኪነ ጥበብ ወዳጅ እንላለን፤ የአባቴ ወዳጅ እንላለን። ፋንዚን በመጀመሪያው ትርጉም ነገርን ለሚወድ ሰው፣ በሁለተኛው ትርጉም ባልንጀራ ለሚያገኝ ሰው የተሠራ ስለ ሆነ፣ አንዱ ቃል ሁለቱን ይይዛል፤ በእንግሊዝኛው የወደቀውን ራስም መልሶ ያቆማል። መጽሔት የሚለውም የጥንት ትርጉሙን ያገኛል። በዕቃ ቤት ውስጥ ባለ ዕቃና ባለ ገንዘብ ይገናኛሉ፤ በመስተዋት ፊት ግን የሚያየውና የሚታየው ያው አንዱ ሰው ነው። ይህ ደግሞ ለዚን የሰጠነው ፍቺ ራሱ ነው። ስሙን የሚቀበል ወይም የተሻለ የሚያመጣ ቢኖር ደስ ይለናል፤ የማንቀበለው ጀማሪ የሚለውን ብቻ ነው።

የስሙ ነገር ወደ ሥራ ሲተረጐም ምን እንደሚሆን በአሜሪካ የታወቀ ምሳሌ አለ። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አንድ ወዳጅ ሲሰበስባቸው የኖሩ 10,000 ያህል ፋንዚኖች ተቀብሎ፣ ከ2014 ጀምሮ ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ጀምሯል። በኒው ዮርክ ያለው የባርናርድ ኮሌጅ ደግሞ በተለይ ሴቶች የጻፏቸውን ዚኖች የሚያኖር ክፍል አለው። እነዚህ ቤቶች ይህን ያደረጉት ወረቀቱ ዋጋ ስላለው አይደለም፤ ወረቀቱ ርካሽ ስለ ሆነ ፈጥኖ ይጠፋል። ያደረጉት ጽሑፎቹ ትናንሽ መጽሔቶች አለመሆናቸውን ስለ ተረዱ ነው።

በእኛ ዘንድ በየትምህርት ቤቱ ክበብ የሚባዙት ቅጠሎች፣ የግድግዳ ጋዜጦች፣ የዘፈን ግጥም የሚገለበጥባቸው ደብተሮች የጀማሪ ሥራ እየተባሉ በየዓመቱ መጨረሻ ለሱቅ መጠቅለያ ይሄዳሉ። ስለዚህ ለባልንጀሮቻችን የምናሳስበው ቀላል ነገር ነው። የምታወጡትን ሁሉ ቀኑን፣ ቦታውንና የቅጂውን ብዛት ጻፉበት፤ ከእያንዳንዱም ሁለት ሁለት ቅጂ ለቤተ መጻሕፍት ስጡ። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎችም ሲቀበሉ ከመጽሔቶች ተርታ መጨረሻ ላይ ሳይሆን በራሱ መደርደሪያ ያኑሩት፤ በመደርደሪያው ላይ የሚጻፈውም ስም ጀማሪ የሚል አይሁን።